የጎረቤቴ ደብተር

አሜሪካ ውስጥ ‹ሳውዘርን ሊቪንግ› መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1979 አንሥቶ የዓመቱን የምግብ አሠራሮች በጠንካራ ሽፋን ጠርዞ ያወጣ ነበር፤ ሰብሳቢዎችም ቅጾቹን አንድ በአንድ ያሟላሉ። እኔ ደግሞ አቃቂ በሰቃ ያሉት ጎረቤቴ ከጋዜጣና ከመጽሔት እየቆረጡ የሚለጥፉበትን ደብተር እወዳለሁ። ካርቶን ለብሶ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። የምስር ወጡ ገጽ በዘይትና በበርበሬ ወዝቷል፤ መስፈሪያው ሁሉ በቡና ስኒ ተቀይሯል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አከፋፈሉ ነው፤ ለ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሽሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱና ተልባው፣ ከዚያ የፋሲካ ዶሮ። የ12ቱ ብልት አወጣጥ በእርሳስ ተሥሎበታል፤ ይህን ከየትኛውም መጽሔት አልቆረጡትም። ኅዳጉ ላይ ‹ሽንኩርቱ በደንብ ይብሰል፣ አትቸኩይ› ይላል። ዘንድሮ ልጃቸው የጾም ኬክ ጨምራበታለች።