ሻጭ የደረበልን ካባ

ሰሞኑን ሥራ የጀመረ ልጅ የፍሬን ሸራ እየፈታ ቀና አለና «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይቀበሉም?» አለኝ። የጠየቀኝ ስለ ጎረቤታችን ነው። እዚሁ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ከእኛ ጥቂት ደጃፍ አለፍ ብሎ ያለው ጋራዥ ግድግዳ ላይ የዕቃ አስመጪው የሰጠው ሰርተፊኬት በፍሬም ተሰቅሏል፤ «አምባሳደር መካኒክ» ይላል። አብሮት ቱታ፣ ኮፍያና የደጃፍ ታፔላ መጥቷል። ብር የለበትም። ልጁም የያዘው ይህንኑ ነው፤ «ብር ካልተቀበሉ ምን ችግር አለው?»

ችግሩ ብር አለመሆኑ ነው።

ኮሚሽንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሶማሌ ተራ ያለ የመለዋወጫ ባለሱቅ ገዢ ላመጣለት መካኒክ የሻይ ይሰጣል፤ ባለንብረቱም ይህን ስለሚያውቅ ይከራከራል፣ ካልጣመው ራሱ ሄዶ ይገዛል። አልወደውም፤ ግን ተደብቆ አይኖርም። ማዕረግን ግን ማን ይጠረጥረዋል? ተሸላሚውም ራሱን አይጠረጥርም። የሻይ የተቀበለ ሰው ምን እንደተቀበለ ያውቃል፤ የተሸለመ ሰው በችሎታዬ ያገኘሁት ነው ይላል። አፍ ሲበላ ዓይን ያፍራል ይባላል። የእኛ ሥራ ደግሞ በዓይን ነው።

የጎጃም መስመር አውቶቡስ አባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ ታምቡሩን አውልቃችሁ ሸራውን እዩት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ደህና ሸራ እኩል ይበላል፣ ገጹም ደብዛዛ ነው። ቅይጡ የወረደ ሸራ ግን ሲግል ገጹ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ በጥፍር ሲጭሩት ያንሸራትታል፣ ምስማሩ ዙሪያ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል፣ የተቃጠለ ሽታውም ካጠቡት በኋላ እጅ ላይ ይቀራል። ካርቶኑ ያው የአምናው ካርቶን ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው። ዕቃው ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ መካኒኩ «ይሄ ዕቃ አይረባም» ማለት አለበት። መፍታትና መግጠሙን ረዳቱም ይችለዋል፤ መካኒክ የሚከፈለው ለዚያች አንድ ቃል ነው። አውቶቡሱ ላይ የተሳፈረው ሕዝብ ሸራውን አያይም፣ ሾፌሩም የሚያውቀው ፔዳሉን ሲረግጥ ነው።

አንድ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ማዕረግ ነበረው። ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ይሻላል ብል አላፍርም። የሸለመው አስመጪ በሚቀጥለው ጭነት ያመጣው ሸራ ቶሎ መስታወት ማውጣት ጀመረ። ባልደረባዬ አልዋሸም፣ የማይረባውንም ይረባል አላለም። ለባለንብረቶቹ «ሾፌርህ ፍሬን ያበዛል» ይላቸው ጀመር። ከነዚያ ሾፌሮች አንዱ ደግሞ አባይን በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየያዘ የሚወርድ፣ ረዳቱ በቀርፋፋነቱ የሚያማርርበት ሰው ነበር። በእሱ ተሳበበ! የሚገርመው ባልደረባዬ የሚለውን ከልቡ ያምን ነበር። ስጦታ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የምታየውን ይለውጥብሃል።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የሐኪሞች ጥናት፣ ከመድኃኒት ኩባንያ አንድ ምሳ የተጋበዙ ሐኪሞች የዚያን ኩባንያ መድኃኒት ካልተጋበዙት የበለጠ ያዝዙ እንደነበር አሳይቷል፤ የምሳው አማካይ ዋጋም ከ20 ዶላር በታች ነበር። ኮምፒውተረኞቹም ዘንድ አለ፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ምርቶቹን ጠንቅቀው ለሚያውቁና ሌላውን ለሚረዱ ባለሙያዎች ማዕረግ ይሰጣል፣ ማዕረጉም በየዓመቱ እየታየ ይታደሳል። እዚያ ውስጥ ኩባንያውን በግልጽ የሚተቹ ሰዎች አሉ፣ ይህን አልክድም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን «ይታደሳል» የሚለው ነው። እንዲታደስለት የሚጠባበቅ ሰው ዘንድሮ ምን ይናገራል?

ጎረቤቴ መልስ አለው፣ ከባድ መልስም ነው። «አዲሱን ኮመን ሬል ሞተር በመዶሻና በጆሮ ልትጠግነው ነው? ስካነሩን፣ ሥልጠናውን፣ መጽሐፉን የሚያመጣው አስመጪው ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። የድሮው ፊያት በጆሮ ይሠራ ነበር፣ የዛሬው አይሠራም። ሥልጠናውን እወስዳለሁ፤ ቢቻል ከፍዬ እወስዳለሁ። መማርና መሾም ግን ለየቅል ናቸው። የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲን፣ ተፈትኖ ያለፈ ልጅ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ቢሰቅል ደስ ይለኛል፤ ፈታኙ የሚሸጥለት ሸራ የለውማ።

ደግሞ ሻጭ አይቀመጥም። ከተማው ውስጥ ሼል የነበረው ማደያ ኦይልሊቢያ ሆነ፣ ዛሬ ኦላ ኢነርጂ ነው። ታፔላ ይነሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ኩባንያውም ስሙን ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ የት ይሄዳል? ያው እዚያው ነው፣ ያው ባለንብረት ነገ ጠዋት ይመጣበታል።

ሥራ ያስተማረኝ ሰው ግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያ በቀር ምንም አልነበረውም። ዕቃ ሲያወልቅ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለባለንብረቱ ይሰጠው ነበር፤ «ይዘኸው ሂድ፣ የፈለግኸው መካኒክ ይየው» እያለ። ያን ጊዜ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የፈራው ሰው ስላልነበረ ነው። ደጀን ላይ ፍሬን ያስቸገረው ሾፌር አዲስ አበባ ሲደርስ በስሙ ጠይቆ ይመጣ ነበር፤ እኔም ይህን ሥራ የወደድኩት ሾፌሮቹ ስሙን ሲጠሩ ሰምቼ ነው። ደመወዙማ የሚያስወድድ አልነበረም።

ልጁ ታፔላውን አሁንም ይመኘዋል፤ አልፈርድበትም፣ ቱታውም ቆንጆ ነው። አስመጪዎች ግን ለሙያው ካሰባችሁ ሥልጠናውን ለሁሉም ጋራዥ ክፍት አድርጉት፣ የሸራውን ቅይጥ ስትለውጡም ካርቶኑ ላይ ጻፉልን። ባለንብረቶችም ጋራዥ ስትገቡ ግድግዳውን አትዩ፤ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ እጃችን ላይ አስቀምጡ በሉ፣ ለምን እንደተለወጠም ጠይቁ። የማያሳያችሁ ከሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።