ያልጠየቀው ቫምፓየር

«ትዋይላይት»ን የሚወዱትም የሚጠሉትም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ላይ ይጣላሉ፦ ኤድዋርድ ሳያስፈቅድ ቤላ ክፍል እየገባ ስትተኛ ያያታል። ግማሹ «ፍቅር ነው» ይላል፤ ግማሹ «ኧረ ፖሊስ ጥሩ!»።

ስቴፈኒ ሜየር መጽሐፉን ያወጣችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። «ቤላ ሁሌ አዳኝ ጠባቂ ናት» የሚለው ወቀሳ ሲበዛባት፣ በ2015 የገጸ ባሕርያቱን ጾታ ገልብጣ «ላይፍ ኤንድ ዴዝ» ብላ መለሰችው። ቤላ ቦ፣ ኤድዋርድ ኢዲዝ ሆኑ። ልጅቷ የደከመችው ሴት ስለሆነች ሳይሆን በቫምፓየሮች መሃል ሰው ስለሆነች ነው ለማለት ነው። እኔ ኮድ ነው የምጽፈው፤ የቫሪያብል ስም መቀየር ባግ አያጠፋም።

ወዳጆቹም ግን ዝም ብለው አልወደዱትም። ኤድዋርድ የሁሉንም ሰው ሐሳብ ያነባል፤ የቤላን ብቻ አይችልም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ይጠይቃታል፤ የምትወደውን ቀለም ሳይቀር። ፍቅሩ የሚጥመው ሲጠይቅ ነው። የሚያስጠላው ደግሞ ሳይጠይቅ ሲቀር።

ታናሽ እህቴ አሁን እያነበበችው ነው። «ተዪው» አልላትም። «አሪፍ አይደል?» ስትለኝ፣ «አሪፍ ነው፤ ክፍሏ የገባበት ጋ ስትደርሺ ንገሪኝ፣ እናወራለን» አልኳት።