በሁለት ምዘና መካከል

ሆሳዕና ውስጥ ሕፃኗን አቅፋ ለክትትል የምትመጣ እናት ሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀኝ «ስንት ኪሎ ገባ?» ብላ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ከመናገሬ በፊት የእድገት ካርዱ ላይ ያለፈውን ወር ነጥብ እፈልጋለሁ። 6 ኪሎ የምትመዝን የአምስት ወር ሴት ልጅ ደህና ልትሆን ትችላለች፤ ባለፈው ወርም 6 ኪሎ ከነበረች ግን ምክንያቱን ሳልጠይቅ አልሸኛትም። የሕፃን ደህንነት የሚታወቀው በሁለት ምዘና መካከል በሆነው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እድገት አንድ ዓይነት ፍጥነት የለውም። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል። በአምስት ወይም በስድስት ወሩ የልደት ክብደቱን እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ የዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 9.6 ኪሎ፣ የሴቷ 8.9 ኪሎ ነው። ይህ የፈተና ማለፊያ ነጥብ አይደለም። አንሳ የተወለደች ልጅ ካርዱ ላይ የራሷን መስመር ይዛ ወደ ላይ ከሄደች እሰየው ነው። ከስድስት ወር በኋላ ጭማሪው እንደሚቀዘቅዝም እናት አስቀድማ ብትሰማ ያለ ምክንያት አትደነግጥም።

ሆሳዕና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ በክረምት ጠዋት ልጅን ማራቆት እናትን ያስጨንቃል። ስለዚህ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ባዶው የመመዘኛ ሱሪ ተንጠልጥሎ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን አያለሁ፣ ልብሱን የማስወልቀው በመጨረሻ ነው። ሹራብና ወፍራም ልብስ የአንድ ሳምንት እድገት ያህል ሊመዝን ይችላል። በዚህ ወር ከነሹራቡ፣ በሚቀጥለው ያለ ሹራብ የተመዘነ ልጅ ሳይከሳ የከሳ ይመስላል። ሲወራጭም መርፌው ይዋልላል፤ እናቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ስታጫውተው ይረጋል፣ ያኔ ዝቅ ብዬ በዓይኔ ትክክል አነባለሁ።

ቀጥሎ የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣቴ ለሦስት ሰከንድ ያህል እጫናለሁ። ስለቀው ጎድጉዶ ከቀረ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት «ወፈረ» ያለው ልጅ በጽኑ የምግብ እጥረት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና መድረስ አለበት።

እስከ ስድስት ወር ድረስ የምሰማው ትልቁ ስጋት «ወተቴ አይበቃውም» የሚለው ነው። መስመሩ እየወጣ፣ ልጁ በቂ ሽንት እየሸና ከሆነ ካርዱን አሳያታለሁ፤ ከቃሌ ይልቅ እሱ ያረጋጋታል። ለጨቅላ ቅቤ ማቅመስ በተለመደበት ቤት ደግሞ አያትን መገሠጽ አይጠቅምም። «እማማ፣ ቅቤውን ለአራሷ የቡላ አተካና ያድርጉላት፣ ለልጁ እንገሩ ይበቃዋል» ስል ክብራቸውም ቅቤውም ቦታውን ያገኛል።

ፈተናው የሚብሰው ምግብ ሲጀመር ነው። ቡላና ቆጮ ለሀዲያና ለከምባታ ቤት ጉልበት ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን ጥቂት ነው። ቀጭን አጥሚትም ትንሿን ሆድ ሞልቶ የሚበቃ ኃይል አይሰጥም። የምመክረው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ነው፤ በወተት የተሠራ፣ ወይም የተቆላ ባቄላ ዱቄትና ትንሽ ቅቤ የገባበት፣ ሲገኝ በደንብ የበሰለ እንቁላል የተፈጨበት። እንቁላሉ ለገበያ የሚሄድ ከሆነ «ሁሉን አትሽጪ፣ ከሳምንቱ ሁለቱን ለእሱ አስቀሪለት» እላታለሁ።

ልጅን በመመገብ ረገድ ቤት ምን ያህል አቅም እንዳለው ዓለም ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ሀዲያ ነው። ጽኑ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች ቀድሞ በአብዛኛው ተኝተው ነበር የሚታከሙት። በ1993 ዓ.ም. ባዳዋቾ ውስጥ 170 ልጆች በየቤታቸው ሆነው ታከሙ፤ 144ቱ አገገሙ። ተመራማሪዎቹ ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት አወጡት። በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ይህን የማኅበረሰብ ሕክምና ደገፉ። የሕክምናውን ምግብ በየቀኑ በትዕግሥት ያጎረሱት ቤተሰቦች ናቸው።

ስለዚህ መስመሩ ሲጋደም እናትን እንደ ጥፋተኛ አላይም። ተቅማጥ ነበረ? ሥራ በዛብሽ? ማን ያጎርሰዋል? ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከመልሷ ተነሥተን እስከሚቀጥለው ወር የምትችለውን አንድ ነገር አብረን እንመርጣለን። ደህና የሆነውንም ልጅ በየወሩ እንድታመጣው እለምናታለሁ፤ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ያልተመዘነ ልጅ መቼ መቀነስ እንደጀመረ ካርዱ ሊነግረን አይችልምና።