የተቆለፈበት ዕውቀት፦ በ‹ፎልአውት› ዓለም የብረት ወንድማማቾች ባህል

በሞሃቪ በረሃ ሥር ሂደን ቫሊ የሚባል ምሽግ አለ። ምሽጉ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ‹ፎልአውት ኒው ቬጋስ› በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ነዋሪዎቹም ‹የብረት ወንድማማቾች› የተባለው ወታደራዊ ማኅበር አባላት ናቸው። ዓለም በኑክሌር ጦርነት ከወደመች ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። ከመሬት በላይ ያለው ሕዝብ በዛገ ጠመንጃና በተለጣጠፈ ቆርቆሮ ኑሮውን ሲገፋ፣ እነዚህ ግን የጨረር መሣሪያ፣ ኮምፒውተር፣ ሰውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚሸፍንና በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ጥሩር አከማችተዋል። ያም ሆኖ የምሽጉ አየር ማጣሪያ ሊቆም ተቃርቧል፤ መለዋወጫ የላቸውም። ዕቃውን እንዲያመጣ የሚላከው መጀመሪያ የመጣ ዕለት አንገቱ ላይ ፈንጂ ያሰሩበት መንገደኛ ነው። ቮልት 3፣ ቮልት 11 እና ቮልት 22 ወደሚባሉ አደጋ የሞላባቸው የምድር ውስጥ መጠለያዎች ገብቶ ለቃቅሞ ያመጣላቸዋል። ያ ሁሉ የታጠቀ ሠራዊት ትንፋሹን የሚያገኘው ከእንግዳ እጅ ነው።

የጨዋታው ጸሐፊዎች ይህን ተልእኮ እንዲያው ጊዜ ለመሙላት ያስገቡት አይመስለኝም። የማኅበሩን ባህል ‹ስግብግብነት› ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ ያ ግን ምንም አያስረዳም። ስግብግብ ሰው ያከማቸውን ይበላዋል፣ ይሸጠዋል፣ ይደምቅበታል። ወንድማማቾቹ ባከማቹት ነገር አልደላቸውም፤ የሚያድሩት በተደራረበ የወታደር አልጋ፣ የሚውሉት ፀሐይ በማይገባበት ኮሪደር ነው። እኔ የምከራከረው ባህሉ የተወለደው ከተገቢ ቁጭት መሆኑን ነው። የተበላሸው ቁጭቱ ጥፋተኛውን ከሰው ላይ አንሥቶ በዕቃው ላይ ሲለጥፍ ነው።

የቁጭቱ ምንጭ በ1997 በወጣው የመጀመሪያው ‹ፎልአውት› ውስጥ በአንድ መኮንን ማስታወሻ ተጽፎ ይገኛል። ሮጀር ማክስን በአሜሪካ ጦር ካፒቴን ሆኖ በካሊፎርኒያ ማሪፖሳ የተባለ ምስጢራዊ የምርምር ሰፈር ይጠብቃል። በኦክቶበር 2077 ሳይንቲስቶቹ በታሰሩ ወታደሮች ላይ የሰውን ተፈጥሮ የሚለውጥ ቫይረስ እየሞከሩ መሆናቸውን ይደርስበታል። የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ራሱን ያጠፋል፤ ወታደሮቹ ሳይንቲስቶቹን ይመረምራሉ፣ ይረሽናሉ፤ ከመንግሥት ትእዛዝ መውጣታቸውንም በሬዲዮ ያውጃሉ። መልስ የሚሰጣቸው አያገኙም። ጦርነቱ ኦክቶበር 23 ቀን ይፈነዳና አገር ምድሩ ይጠፋል። ቦምቡ ከወደቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ወታደር ጥሩሩን ለብሶ ጨረሩን ሊለካ ይወጣል፤ ደህና መሆኑ ሲታወቅ የረሸኗቸውን ሳይንቲስቶች ከሰፈሩ ውጭ ይቀብራሉ። ከዚያ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሎስት ሂልስ ወደተባለው ምሽግ ጉዞ ይጀምራሉ።

ከመላው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ይህን የቀብር መስመር ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። ምድር በሙሉ መቃብር በሆነችበት ሳምንት ጉድጓድ ቆፍሮ የገደሉትን መቅበር፣ ሟቹ ወንጀለኛም ቢሆን ሰው መሆኑን አለመርሳት ነው። በማክስን ማስታወሻ ተጠያቂዎቹ ሰዎች ናቸው፦ ያዘዘ፣ የታዘዘ፣ አይቶ ዝም ያለ። በልጅ ልጆቹ ትምህርት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ሰው ከታሪኩ ወጥቷል። የቀረው አንድ ድምዳሜ ነው፤ ሕዝብ መሣሪያ ሲይዝ ዓለም ያጠፋል፣ ስለዚህ መሣሪያው ከሕዝብ ይወሰድ። ማን ይያዘው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ‹እኛ› ነው። እነሱ ራሳቸው ያው ሕዝብ፣ ያው ወታደር፣ የዚያው ጦር ልጆች መሆናቸው አይነሣም።

ሥርዓቱ የቆመው በማዕረግ ላይ ነው። ጸሐፍት የጥንቱን ንድፍ ይገለብጣሉ፤ ናይት የሚባሉት መሣሪያ ይሠራሉ፣ ይጠግናሉ፤ ፓላዲኖች ይዋጋሉ፤ ከሁሉ በላይ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ኮዴክስ የተባለ መጽሐፈ ሕግ አላቸው። አባልነት በአብዛኛው በትውልድ ነው። ከውጭ ሰው መቀበል የማይፈልጉ መሆናቸውን ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ የሎስት ሂልስ በረኛ ያሳያል፤ ልግባ ያለውን ተጫዋች ‹ግሎው› ወደሚባል በጨረር ወደተመረዘ የምርምር ፍርስራሽ ይልከዋል። ይመለሳል ብሎ የጠበቀ የለም። ተጫዋቹ እዚያ ከመሬት በታች ሲወርድ የሚያገኘው ሽማግሌዎቹ ሳይፈቅዱ ቅርስ ፍለጋ የወጡ የማኅበሩ አባላትን አጽም ነው። በር መዝጊያ ያደረጉት ቦታ የራሳቸው ልጆች ያለቁበት ነው። ቀለብ በሚመለከት ግን በራቸው ክፍት ነው፤ የነጋዴዎች ቅፍለት ደጃቸው ድረስ ይመጣል።

የጨዋታው ፈጣሪዎች ለማኅበሩ መነሻ ከሆኗቸው ሥራዎች መካከል የዋልተር ሚለር ‹ኤ ካንቲክል ፎር ሌቦዊትዝ› የተባለ ልቦለድ ይጠቀሳል። ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ ነበር፤ በ1944 የጣሊያኑ ጥንታዊ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሲደበደብ ከተሳተፉት አንዱ ነው። ልቦለዱ ከኑክሌር ጥፋት በኋላ በአሜሪካ በረሃ መጽሐፍ የሚያድኑ መነኮሳትን ይተርካል። ወንድም ፍራንሲስ የሚባለው መነኩሴ አንድ የኤሌክትሪክ ንድፍ እጁ ይገባል። ምን እንደሆነ አያውቅም። ቢሆንም ዓመታት ፈጅቶ በወርቅ ቀለምና በሐረግ አስጊጦ ይገለብጠዋል። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ ለሚውል የቁም ጸሐፊ ይህ ሰው እንግዳ አይደለም። ንድፉን ይዞ ሲጓዝ መንገድ ላይ ሽፍታ ይገጥመዋል፤ ሽፍታው ያጌጠውን ግልባጭ ዋናው መስሎት ወስዶ እውነተኛውን ይተውለታል።

መነኮሳቱና ወንድማማቾቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ያልገባቸውን ነገር ይጠብቃሉ። መነኩሴው የሚጠብቀው ግን አንድ ቀን ለሚመጣ ሰው ብሎ ነው፤ ገዳሙ በኋለኛው ዘመን ለምርምር የመጣን ዓለማዊ ሊቅ በሩን ከፍቶ ያስተናግዳል። ለወንድማማቾቹ የሚመጣ ሰው የለም፤ ቢመጣም ተጠርጣሪ ነው። ይህን ስል ሚለርን የዋህ ተስፈኛ ማድረግ አልፈልግም። ልቦለዱ የሚያበቃው ዕውቀቱ ተመልሶ፣ ሥልጣኔው አብቦ፣ ቦምቡ እንደገና ሲወድቅ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ሚለርን ቢያነቡት ‹ይኸው፤ ሰጥታችሁ ምን አተረፋችሁ?› ለማለት በቂ ማስረጃ ያገኙበታል። ክርክራቸው ክብደት አለው። መልስ የሚሰጠው እነሱ በመንገዳቸው የት እንደደረሱ ሲታይ ነው፤ ሂደን ቫሊ ደግሞ መጨረሻውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ምሽጉን እዚህ ያደረሰው የቀድሞው ሽማግሌ ኤላይጃ ነው። ሄሊዮስ አንድ ከተባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ጥንታዊ መሣሪያ አገኛለሁ ብሎ ጣቢያውን የሙጥኝ አለ፤ የኒው ካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ ሠራዊት በቁጥር በልጦ አጠቃቸው፤ ብዙዎች አለቁ፣ ኤላይጃም የት እንደገባ ጠፋ። ከሞት የተረፉት በአዲሱ ሽማግሌ በማክናማራ ትእዛዝ በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ማመንጫው ለከተሞች መብራት መስጠት የሚችል ነበር። ለኤላይጃ ግን መብራቱ ሳይሆን ጦር መሣሪያው ነው የታየው።

በማኅበሩ ውስጥ ያደገችው የምሽጉ ጸሐፊ ቬሮኒካ ለቀለብ እየተላከች የምትወጣ ስለሆነች የውጩን ሕዝብ ታውቀዋለች። ሕዝቡ በየዓመቱ ሲበዛ፣ የእሷ ወገኖች ደግሞ ሲያንሱ ታያለች። ማክናማራን የሚያሳምን ነገር ፍለጋ ከተጫዋቹ ጋር ትዞራለች። ከሚያገኟቸው አማራጮች አንዱ በቮልት 22 የተቀመጠ የሰብል ምርምር ውጤት ነው። ይዛ ትገባለች፤ ሽማግሌው ያዳምጣታል፣ ይወዳታልም፤ መንገዱን ግን አይለውጥም። ትዕይንቱ የሚያመው ማክናማራ ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው። እውነቷን መሆኑን ከልቡ የሚያውቅ ይመስላል። ይሁንና ዕድሜውን ሁሉ የተማረው ነገር ሲገኝ እንዴት እንደሚቆለፍ ነው፤ ተገኝቶ ምን እንደሚደረግበት ያስተማረው የለም። ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ያውቅ ነበር። እህል የማሳደግ ዕውቀት ግን ማሳ ይፈልጋል፣ ገበሬ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይፈልጋል።

ጥያቄው ከልቦለድ ውጭም በብርቱ የተነሣ ነው። በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ባንክን የገነቡትና በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ባንኩን ራሳቸው እየመሩ ባንክ ብቻውን እንደማይበቃ ይከራከሩ ነበር። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር ባለበት ይቆማል፤ በገበሬው ማሳ የሚዘራው ግን ከድርቁ፣ ከዋጉና ከአፈሩ ጋር እየታገለ ይለወጣል፤ የሚመርጠው ገበሬ ዓይንም አብሮት ይሰላል። ለዚህ ነው የስንዴና የሌላውን ሰብል አገርኛ ዘር መልሰው ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ ያስጠበቁት። ወንድማማቾቹ ያጡት ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ዕቃው በእጃቸው አለ፤ ዕቃውን የሚያድስ እጅ ግን በምሽግ ውስጥ አይበቅልም። የመለዋወጫ እጦታቸው ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል፤ ፋብሪካ የሚቆመው ብዙ ሰው ብዙ ሙያ ይዞ በተሰበሰበበት ቦታ ነው።

ባህሉ ሰውንም እንደ ዕቃ ወደ ማየት ደርሷል። ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው በኤፕሪል 2024 በአማዞን ፕራይም የቀረበው ተከታታይ ፊልም ነው። ማክሲመስ የሚባለው ወጣት የናይት ቲተስ አሽከር ሆኖ የጌታውን ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ይከተላል። ቲተስ በድብ ተጎድቶ መድኃኒት ሲለምነው ወጣቱ ቆሞ ያየዋል፤ ሰውየው ሲሞት ጥሩሩን ለብሶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የተላከለት አዲስ አሽከር ጥሩሩን አይቶ ‹ጌታዬ› ብሎ ያገለግለዋል። ማዕረጉ፣ ክብሩ፣ መታዘዙ ሁሉ የብረቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ፊልሙ ማኅበሩን ከቀድሞው ይልቅ በካህናትና በቀይ ካባ አስጊጦታል፤ ግርማው ለዓይን ይሞላል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሥርዓት ይልቅ ይህ የጥሩር ልውውጥ ስለ ባህሉ ብዙ ይናገራል።

በ2008 የወጣው ‹ፎልአውት 3› ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ሽማግሌ ላየንስ ቴክኖሎጂ ፍለጋ ወደ ዋሽንግተን ፍርስራሽ ተልኮ፣ የሕዝቡን ስቃይ ሲያይ ቅርስ መሰብሰቡን ትቶ ሰው መጠበቅ ጀመረ። በምዕራብ ያለው የማኅበሩ አመራር ድጋፉን አቋረጠበት፤ ከገዛ ወታደሮቹም ብዙዎቹ ‹ተልእኳችንን ከዳህ› ብለው መሣሪያ ይዘው ተለዩት። ላየንስ በጎ ሰው ነው። ሆኖም ጨዋታው በጎነቱን በአንድ መሪ ልብ ላይ ብቻ አስቀምጦት ባህሉን ሳይነካው አለፈ፤ ጸሐፍቱ ያንኑ መገልበጥ፣ ናይቶቹ ያንኑ መቆለፍ ቀጠሉ። ይህን የማየው እንደ ድርሰቱ ድክመት ነው፤ ምክንያቱም ለውጡ ሥር እንዳልነበረው ቀጣዩ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ላየንስ ከሞተ በኋላ ውሎ አድሮ ወጣቱ አርተር ማክስን፣ የመሥራቹ ዘር፣ ሥልጣኑን ያዘ። የተለዩትን መልሶ አስታረቀ፤ ፕሪድዌን በተባለ ግዙፍ የአየር መርከብ በ2015ቱ ‹ፎልአውት 4› ቦስተን ላይ አንዣበበ።

በዚያ መርከብ ላይ ቲጋን የሚባለው የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ለተጫዋቹ አንድ ሥራ ይሰጠዋል፦ ወደ ገበሬዎች ሂድና ለሠራዊቱ ሰብል አምጣ። ተጫዋቹ ሊገዛ፣ ሊያግባባ፣ ወይም አስፈራርቶ ሊወስድ ይችላል፤ ኃላፊው እንዴት እንደመጣ አይጨነቅም። ወታደሮቹ የሚበሉት በቆርቆሮ ጎጆ የሚኖር ገበሬ በእጁ የቆፈረውን ነው። ተጫዋቹ ሊከፍል ከፈለገ ከሚከፍለው ገንዘብ በቀር ለገበሬው የሚመለስለት ነገር፣ ዘር ቢሉ፣ መሣሪያ ቢሉ፣ የጥገና ትምህርት ቢሉ፣ በተልእኮው ውስጥ አልተጻፈም።