ዕጣንን በጭሱ ብቻ መመዘን

ስለ ዕጣን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከቤተ መቅደስ ይነሣል። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ግን ይህ መነሻ አይበቃም። ሆሳዕና ስሟን ከበዓሉ ትውሰድ እንጂ በአካባቢው የፕሮቴስታንት ምእመን ብዙ ነው፤ በአምልኮው ዕጣን አይታጠንም። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ዕጣን ይበልጡን የሚታወቀው ከረከቦት አጠገብ ባለው ማጨሻ ነው። ከባዕድ አምልኮ ጋር አያይዘው ከቤታቸው ያስወጡትም አሉ። ወዳጁም ነቃፊውም የሚከራከሩት ግን ስለ ጭሱ ነው፤ ዛፉንና ለቃሚውን የሚያነሣ የለም። ይህ ዝምታ የዕጣንን ባህል በግማሹ ብቻ እንድናውቀው አድርጎናል እላለሁ።

ዛፉ የቆላ ነው፤ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሆሳዕና አይበቅልም። ነጋዴ የትግራይ፣ የኦጋዴንና የቦረና ብሎ ከሚለያቸው ዓይነቶች የመጀመሪያው የሚገኘው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከተባለው ዛፍ ነው። ፓፒሪፌራ «ወረቀት ተሸካሚ» ማለት ነው፤ ስያሜው እንደ ወረቀት እየሳሳ ከሚላጠው ቅርፊት የመጣ ነው። ስም አውጪው ዓይኑን ቅርፊቱ ላይ ማሳረፉ ተገቢ ነበር፤ የዕጣን ሙያ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለቃሚው በትንሽ መጥረቢያ ግንዱን ይልጣል። የመጀመሪያው ልጥ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም፤ ጥልቀቱም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ሙጫ ይለቅምና ያንኑ ቁስል በጥቂቱ ያሰፋል፤ እስከ ክረምት መግቢያ እንዲሁ ይመላለሳል። እጁ ከከበደ ዛፉ ይጎዳል፤ ከቀለለ ሙጫው አይወርድም። ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት ሙጫው የሚገኘው በውስጠኛው ቅርፊት እርስ በርስ በተያያዙ ቧንቧዎች መረብ ውስጥ ነው። መረቡ የተያያዘ በመሆኑ ጥቂት፣ በአግባቡ የተላጠ ቦታ ብዙውን ሙጫ ሊያወጣ ይችላል። የቁስሉን ቁጥር ማብዛት እንግዲህ የሙያ ብልጫ አይደለም።

የመብዛቱን ዋጋ የሚከፍለው ዘሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኤርትራ ጥናት ካልተላጡ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ አብዝተው ከተላጡት ግን 16 በመቶ ያህል ብቻ እንደበቀለ አሳይቷል። ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዛፉን መገኛዎች መርምረው፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ለጋ ዛፍ አጥተዋል። ልጡ ብቻውን አይከሰስም፤ እሳት፣ ከብትና የእርሻ መስፋፋት ቡቃያውን ይጨርሱታል። ሆኖም ደን ለአጭር ዘመን ተኮናትሮ ለቃሚውን በኪሎ የሚከፍል አሠራር ዛፉን ለማሳረፍ ምክንያት አይኖረውም። ዕጣንን እያወደሰ ይህን አሠራር የሚያልፍ ጽሑፍ ጎደሎ ብቻ አይደለም፤ የጥፋቱ ተባባሪ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ምስክር ከቦረና ይመጣል። የዚያ ዛፍ ሳይንሳዊ ስም ቦስዌሊያ ኔግሌክታ ነው፤ «ችላ የተባለ» ማለት ነው። እረኞችና ሴቶች በአብዛኛው መጥረቢያ ሳያነሡ፣ ከግንዱ በራሱ የወጣውን ይለቅማሉ። ጥቁር ነው፣ ከነጩ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ ይናቃል። በእኔ ሚዛን ግን ዛፉን ሳያቆስል ሽታውን የሚሰጥ ለቀማ የአገሪቱ ምርጥ የዕጣን ጥበብ ነው።

በሆሳዕና ስለ ባህልና ስለ ዕፅዋት የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ገበያ ወርደው በሻጯ ፊት ያለው ዕጣን ከየትኛው ቆላ፣ በማን እጅ፣ ተልጦ ወይስ ተለቅሞ እንደመጣ ጠይቀው ይመዝግቡ። የዕጣን ሂስ ከዚያ መዝገብ ይጀምር።