ትንፋሽ የማይወስደው ዘፋኝ

ከአስኮ ተነሥተን፣ ሆለታን አልፈን፣ አዲስ ዓለምን ወደ ኋላ ስንተው የሚኒባሱ ሾፌር ፍላሹን ለወጠ። መጀመሪያ የመጣው ከኮምፒዩተር የወጣ፣ ደረት የሚደልቅ ምት ነው። ቀጥሎ አራት መስመር ያህል የእንግሊዝኛ ራፕ ተለፈለፈ። ከዚያ በላዩ ላይ ከአሮጌ ካሴት የተቀዳ መሆኑ በሽርሽርታው የሚያስታውቅ የሽማግሌ ድምፅ ገባ። ጌረርሳ ነበር። ከኋላ ያሉት ወጣቶች በትከሻቸው ተቀበሉት፤ እኔም ልዋሽ አልፈልግም፣ እግሬ ተንቀሳቀሰ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ትንፋሽ አይወስድም እንዴ?» አሉኝ።

«ልጆች ከሌላ ሙዚቃ ጋር ቀላቅለውት ነው አባባ» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰማሁ። ትንፋሹን የት አደረሱት ነው የምልህ።»

እነሆ የአባትዬው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እንዲህ ያለውን ሥራ ልጆቹ «ማሽአፕ» ይሉታል፤ እኛ ቅይጥ ዘፈን ብንለው ያስኬዳል። ቅይጥ ሲባል ገና «ባህላችን ተበረዘ» ብለው እሪ የሚሉ ወገኖች አሉ። ከእነርሱ ጋር አልቆምም። ሂፕ ሆፕ ራሱ ከቅይጥ የተወለደ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክ የተባለው የጃማይካ ተወላጅ ሁለት ሸክላ ማጫወቻ ደቅኖ፣ ከሰው ዘፈን ውስጥ ከበሮው ጎልቶ የሚቀርበትን ቁራጭ እየደጋገመ ጎረምሶችን ያስጨፍር ነበር። በ1979 ራፕን ለዓለም ያስተዋወቀው «ራፐርስ ዲላይት» የቆመው ሺክ በተባለው ባንድ «ጉድ ታይምስ» ምት ላይ ነው። በ1986 ራን ዲ.ኤም.ሲ. ከሮክ ባንዱ ከኤሮስሚዝ ጋር «ዎክ ዚስ ዌይ»ን ሠራ። በ2004 ደግሞ ዴንጀር ማውስ የጄይ ዚን ድምፅ በቢትልሶች ሙዚቃ ላይ ጭኖ «ዘ ግሬይ አልበም»ን ሲያወጣ፣ የባለመብቱ ኩባንያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከበት። እንግዲህ ሂፕ ሆፕን ቀላቅሏል ብሎ መክሰስ ወጥ ቤትን ጭስ አለብህ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ሲቀላቀሉ ማን ለማን ቦታ እንደ ለቀቀ ነው።

የእኛዎቹን እንመልከት። ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን»ን ሲያመጣ ከስሙ ጀምሮ ጨዋታ ነበረበት፤ የላቲኖቹን ሬጌቶን ከጉራጌ ጋር አጋጭቶ አንድ ቃል አወጣ። ዘፈኑ የሠመረለት ግን በስሙ ብልሃት ብቻ አይመስለኝም። የጉራጌ ጭፈራ ምት ፈጣንና ቀጥ ያለ፣ እግርና እጅ እኩል የሚሠሩበት በመሆኑ የዳንስ ቤቱን ከበሮ ሳያንገራግር ይቀበላል፤ ራፑም በጭፈራው ፍጥነት ለመሮጥ ይገደዳል። እንግዳው ለባለቤቱ ልማድ ተገዛ ማለት ነው።

ችክችካ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይከብዳል። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር፣ ሦስትና ሁለትን የሚያባብል ምት ነው። ሂፕ ሆፕ በአራት ይቆጠርና ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይደልቃል። ስንፍና የተጫነው አቀናባሪ ሁለቱን «ለማስማማት» የሚያደርገው፣ ችክችካውን ቀጥቅጦ አራት ማድረግና ክራሩን መግቢያው ላይ እንደ ዓርማ መለጠፍ ነው። ስንቱን ሰማን! ክራር አራት ጊዜ ይመታል፣ ዋሽንት አንዴ ያለቅሳል፣ ከዚያ ሁለቱም እስከ መጨረሻው አይመለሱም። ሠርግ ተጠርቶ በር ላይ ፎቶ ተነሥቶ እንደሚሄድ ዘመድ።

የተሻለው ምሳሌ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ትንሽ ያሳፍራል። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «ዲስታንት ሪላቲቭስ» የተሰኘ አልበማቸውን ሲከፍቱ፣ «አዝ ዊ ኤንተር» ለሚለው ዘፈን የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ወስደዋል። ሁለቱ ሰዎች ቃል እየተነጣጠቁ ይቀባበላሉ፤ የሙላቱ ሐረግ ከሥራቸው እየዞረ ይነዳቸዋል። ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሞተር ሆነ። ሙላቱም ቢሆን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያጋባ ሰው ነውና፣ የተወሰደው ራሱ ቅይጥ ነበር። ሆኖም አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሙላቱ የወሰዱት ዜማ ነው፣ ቃል የለበትም። ጣጣው ቃል ሲመጣ ነው።

ወደ ጌረርሳው እንመለስ። ብዙ ሰው ጌረርሳን «የኦሮሞ ራፕ» ሲል ሰምቻለሁ። መመሳሰሉን አልክድም፤ ጌራሪው ራሱን ያወድሳል፣ ትውልዱን ይቆጥራል፣ የበደለውን ይነካል፣ ድህነቱንም ያማርራል፤ ብሮንክስም ከዚህ የራቀ አልዘፈነም። ነገር ግን ጌረርሳ መስመሩን የሚለካው በከበሮ ሳይሆን በሰው ሳንባ ነው። ጌራሪው ስንኙን ያወርዳል፣ መጨረሻዋን ድምፅ ጎትቶ ይይዛታል፣ ያርፋል። አባትዬው እንዳስረዱኝ ያ ዕረፍት ባዶ ቦታ አይደለም። «እዚያ ላይ እኮ ሰው ይመልስለታል፤ ‹በርታ› ይለዋል» አሉኝ። እንግዲህ የሚኒባሷ ዘፈን አቀናባሪ ምን እንዳደረገ ገባኝ። የሽማግሌው ስንኞች በአራት ምት እንዲገቡለት ዕረፍቶቹን ቆርጦ አውጥቶ መስመሮቹን ጫፍና ጫፍ ገጥሟቸዋል። ትንፋሹን ሲቆርጥ አዳማጩንም አብሮ ቆረጠው።

የባሰውም አለ። የተጎተተችው ድምፅ ስታጥር ቃሉ ይለወጣል። በኦሮምኛ «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ለስላሳ ነው። ልዩነቱ የድምፁ ርዝመት ብቻ ነው። በአማርኛም «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ መሬቱ የጮኸ ሰው መቀስ በያዘ ጎረምሳ ምክንያት ስለ ለስላሳ ነገር ሲዘፍን ቢሰማ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ በዚያ መንገድ ላይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞ በተነሣባት በጊንጪ በኩል እየተጓዙ።

የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ይህን ጉዳይ ሳያስተምር ያሳየ ሰው ነበር። በልጅነቱ ታስሮ አምስት ዓመት ያህል አሳልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን «ሰኚ ሞቲ»ንም በአብዛኛው የደረሰው እዚያው እስር ቤት ሳለ ነው። በ2015 በወጣው «ማላን ጅራ» የፍቅር ዘፈን መስሎ የመሬትና የመነጠል ኀዘን ሲወርድ፣ ዘመናዊው መሣሪያ ለድምፁ ቦታ ይሰጣል፤ አይቀድመውም። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ። ከእንግዲህ የእርሱን ድምፅ ቆርጦ በሌላ ምት ላይ ሊጭን የሚነሣ ልጅ፣ «እዚህ ጋ ትንፋሽ እወስድ ነበር» የሚለው ሰው የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለ ደራሲና ከዋኝ መብት ብዙ ይላል፤ የትንፋሽ ጉዳይ ግን የጆሮ እንጂ የአዋጅ አይሆንም።

መቀየጥን ለሚፈሩም አንድ ነገር ልበል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ ተወልዶ፣ በኦሮምኛ አድጎ፣ ግእዝ ተምሮ፣ ሼክስፒርን በአማርኛ መድረክ ላይ ያቆመ ሰው ነው። ሲቀይጥ ግን በሰው ልክ አልሰፋም፤ የራሱን የስንኝ ልክ አወጣ፣ «የጸጋዬ ቤት» እስኪባል ድረስ። ዛሬ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጡት ልጆች ከዚህ ያነሰ አቅም አላቸው ብዬ አላምንም። ያንኑ የሚኒባስ ዘፈን ከበሮው ለሁለት ስንኝ ያህል ዝም ብሎ፣ ሽማግሌው ጨርሶ፣ ከዚያ ራፐሩ እንደ አዝማች ተቀባይ ሆኖ በዕረፍቷ ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ሌላ ዘፈን በሆነ ነበር! ቴክኒኩ አይከብድም። የሚከብደው ቋንቋውን እስኪሰሙት መታገሥ ነው።

ጊንጪ ስንደርስ የጭልሞ ደን ከወዲያ ጠቁሮ ይታይ ነበር። አባትዬው ለመውረድ ተነሥተው በሾፌሩ መስኮት በኩል ቆሙና፣

«ያንን ሽማግሌ ብቻውን የለህም?» ብለው ጠየቁት።

ሾፌሩ ፍላሹን ጥቂት አገላበጠ።

«የለም አባባ፤ ያለ ቢቱ አልመጣልኝም» አላቸው።