ገጣሚው፣ ካልሲውና ገመዱ

ባይረን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግጥሙን፣ የፍቅር ጣጣውንና ለግሪኮች ነጻነት ሲል በባዕድ ምድር መሞቱን ነው። ስለ ካልሲ ሠሪዎች ተሟግቶ እንደነበር እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1812፣ በ24 ዓመቱ፣ በእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግግር ተነሣ። የቀረበው ረቂቅ ሕግ የካልሲ መኪና የሰበረ ሁሉ በሞት ይቀጣ የሚል ነበር። እስከዚያ ድረስ ቅጣቱ እስከ 14 ዓመት ወደ ሩቅ አገር መጋዝ ነበር። ወጣቱ ሎርድ ሕጉን ተቃወመ።

ንግግሩን ሳነብ በመጀመሪያ ልቤ ሞቀ። ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ባይረን የሰዎቹን ረሃብ እንጂ መኪናውን በወጉ ያየው አልመሰለኝም።

መኪናውን በ1589 የሠራው የኖቲንግሃምሻየሩ ዊልያም ሊ ነው። የሚወዳት ልጅ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ብላ ስላላየችው ተናዶ ፈለሰፈው ይባላል፤ አፈ ታሪክ ነው፣ ይለፈን። ቁም ነገሩ ያለው በመርፌው ላይ ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው የክሩን ቀለበት አንድ በአንድ ያወጣል። ሊ ግን ለያንዳንዱ ቀለበት የየራሱን ቆልማማ መርፌ ሰጥቶ ሙሉውን ረድፍ ባንዴ አወጣው። ሠራተኛው በሰፊ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በሁለት እጁም በሁለት እግሩም ይሠራበታል። እንግዲህ በ1811 መሰበር ሲጀምር ይህ መኪና ከ220 ዓመት በላይ የኖረ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የእንጀራ ገመድ ነበር። ሰባሪዎቹ አዲስ ነገር ፈርተው አልተነሡም።

ታዲያ ምን አስቆጣቸው? የደመወዙ መቀነስ፣ ለመኪናው የሚከፈለው ኪራይ፣ በገንዘብ ፈንታ በዕቃ መከፈሉ፣ ሙያውን ያልተማረ ሰው በርካሽ መቀጠሩ። ከሁሉ በላይ ግን ተቆርጦ የሚሰፋው ካልሲ። ደንበኛው ካልሲ እዚያው መኪናው ላይ ቀለበቱ እየተጨመረና እየተቀነሰ የእግር ቅርጽ ይይዛል፤ ጠርዙም ራሱን ይዘጋል። ነጋዴዎቹ ግን በሰፊው መኪና አንድ ወጥ ጨርቅ አሠርተው በመቀስ እየቆረጡ ማሰፋት ጀመሩ። ሹራብ ደግሞ ከተቆረጠ መተርተሩ አይቀርም። (ባለፈው ክረምት ከመንገድ ዳር የገዛሁት ካልሲ በሁለተኛው እጥበት ከስፌቱ ሲለቅ ነገሩ በእግሬ ገብቶኛል።)

እርግጥ ባይረን ይህን ጨርሶ አልሳተውም። ሥራው የወረደ መሆኑን፣ ባለሙያዎቹም በሸረሪት ስም እየጠሩ እንደሚያፌዙበት ይነግረናል። በንግግሩ ውስጥ ከሠራተኛው አፍ የወጣ የሚመስለኝ ይኸው ብቻ ነው። ነገር ግን ሳያብራራው ያልፍና አንድ መኪና ብዙ ሰው ሥራ ፈት አደረገ ወደሚለው ክርክር ይሄዳል። መጨረሻው ላይ፣ በረሃብ የከሳ አንድ ሰው ፍርድ ቤት አቁሞ የሚፈርዱበትን ሰዎች ከሥጋ ቆራጭ ጋር ሲያመሳስል፣ ብዕሩን አለማድነቅ አይቻልም። ብቻ የዚያን ሰው እጅ አናይም። ምን ይሠራ እንደነበር ሳናውቅ እናለቅስለታለን።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ባወራው ተቆጣኝ። «አንተ ደግሞ! አንገቱ ገመድ ውስጥ ለገባ ሰው ስለ ካልሲ ጠርዝ ትሟገታለህ?» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ሎርዶቹ «ሰዎቹ ረሃብተኞች ናቸው» ለሚላቸው ምጽዋት፣ «መኪናው ሥራ ነሣቸው» ለሚላቸው ደግሞ የሥልጣኔ ጉዞ አይቆምም የሚል መልስ ነበራቸው። «ገበያው በተበላሸ ዕቃ እየተጭበረበረ ነው፤ የሚቃወሙትም ሙያውን የሚያውቁት ናቸው» ቢባሉ ኖሮ ምን እንደሚመልሱ እኔ አላውቅም። ዛሬ «ሉዳይት» የሚለው ስም መኪና የሚጠላ መሃይም ማለት ሆኖ ቀርቷል። ለዚህ ባይረንን አልከስም፤ ሆኖም ከማንም በፊት ሊያስተባብለው የሚችል አንደበት የነበረው እሱ ነበር።

ሕጉ በማርች ወር ጸደቀ። በዚያው ወር በ10ኛው ቀን «ቻይልድ ሃሮልድ» ታትሞ ባይረን በለንደን ስሙ ገነነ። በምክር ቤቱ ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ ካልሲ ሠሪዎች አልነበረም። የሞት ቅጣቱ በ1814 ተነሥቶ በ1817 ተመለሰ። ያን ጊዜ ባይረን ጣልያን አገር ነበር።